የአቡ ቂር ውጊያ

የአቡ ቂር ውጊያ እንግሊዝና ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 1798 ምሽት፣ ከእስክንድርያ በስተ ምሥራቅ በሚገኝ የግብፅ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ የገጠሙት የባሕር ውጊያ ነው። እንግሊዞች «የናይል ውጊያ» ይሉታል፤ ወንዙ ላይ ግን አንድም መድፍ አልተተኮሰም፤ አባይ በራሺድ በኩል ባሕር የሚገባው ከስፍራው ወዲያ ነው።

በዚያ ዓመት ናፖሊዮን ቦናፓርት ጦሩን ከቱሎን አሳፍሮ፣ በመንገዱ ማልታን ይዞ ግብፅ ወረደ። የእንግሊዙ አድሚራል ሆራሺዮ ኔልሰን ሲያሳድደው ቀድሞት እስክንድርያ ደርሶ፣ ወደቡን ባዶ ቢያገኘው ተመልሶ ነበር። ፈረንሳዮቹ የደረሱት እሱ በሄደ በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው።

የፈረንሳዩ አድሚራል ብሩዬስ 13 ትልልቅ የጦር መርከቦቹን ከዳርቻው ትይዩ በአንድ ረድፍ አቆመ። ጠላት የሚመጣው ከባሕር ወገን ነው ብሎ ስለገመተ በየብስ በኩል ያሉት መድፎች አልተሰናዱም፤ ከባሕረኞቹም ብዙዎቹ የውኃ ጉድጓድ ሊቆፍሩ ወርደው ነበር። የከፋው ስሕተት ግን መልህቁ ላይ ነበር። አብዛኞቹ መርከቦች የታሰሩት ከፊት ብቻ ነው። እንዲህ የታሰረ መርከብ ካስማ ላይ እንዳለ በሬ ነፋስ በዞረ ቁጥር አብሮ ይዞራል፤ ለመዞሪያውም በዙሪያው ጥልቅ ውኃ ያሻዋል። እሱ የሚዞርበት ውኃ ደግሞ ለጠላት መርከብም ይበቃል።

ኔልሰን ተመልሶ ሲመጣ «ጎልያድ» የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ አዛዥ ቶማስ ፎሊ በዚያው ክፍተት ሾልኮ በየብስ በኩል ገባ፤ አራት መርከቦች ተከተሉት። ኔልሰንና ሌሎቹ በውጭ በኩል ቆሙ። እንግሊዞቹ መልህቅ የጣሉት ከኋላ ስለነበር ሳይዞሩ ባሉበት ቀጥ ብለው ወዲያው ተኮሱ። ከረድፉ ፊት ያሉት የፈረንሳይ መርከቦች ከግራ ከቀኝ ሲመቱ የኋለኞቹ ነፋሱ ፊት ለፊት ይመጣባቸው ነበርና ሊረዷቸው አልቻሉም። ከእንግሊዞቹም «ከሎደን» አሸዋ ላይ ተቀርቅራ ሳትዋጋ ቀረች።

ሌሊት 4 ሰዓት ገደማ ብሩዬስ የሞተባት፣ ከ100 በላይ መድፍ የተሸከመችው «ሎሪያን» እሳቱ ባሩድ ግምጃ ቤቷ ደርሶ ፈነዳች። አዛዧ ካዛቢያንካና አብሮት የነበረው ልጁም አለቁ። ከፍንዳታው በኋላ ሁለቱም ወገን ለደቂቃዎች ተኩስ አቆሙ።

ውጊያው ሲያበቃ ከ13ቱ 9 ተማርከው 2 ወድመው ነበር፤ 2ቱን ይዞ ያመለጠው ቪልኔቭ ከ7 ዓመት በኋላ ትራፋልጋር ላይ ዳግም ከኔልሰን ጋር ተገናኝቷል። ከእንግሊዝ አንዲትም መርከብ አልጠፋችም። የቦናፓርት ጦር ግብፅ ውስጥ ታገተ፤ እሱ ራሱ በ1799 ተደብቆ ሲሄድ ወታደሮቹ በ1801 እጃቸውን ሰጡ። ራሺድ ላይ ያገኙት ባለ ሦስት ጽሑፍ ድንጋይም እጃቸውን በሰጡበት ስምምነት ወደ ለንደን ተወሰደ።