ዲስኩ ከመነቀሉ በፊት

ሃርድ ዲስክ ገበያ ላይ ዋጋ አለው፤ በውስጡ ላለው የሠርግ ፎቶግራፍና የዓመታት የሒሳብ መዝገብ ግን ዋጋ የሚቆርጥ ነጋዴ የለም። በቤት ኔትወርክ ላይ የሚሠራው ባለሁለት ዲስክ ማከማቻ የሚገዛውም ለዚሁ ነው። ሬይድ 1 በተባለው አሠራር አንዱ ዲስክ የሌላው ግልባጭ ስለሆነ፣ ገዢው 4 ቴራባይት ለመጠቀም የ8 ቴራባይት ሒሳብ ይከፍላል።

ይህ ሁሉ ወጪ ግን በአንድ ስሕተት መና ሊቀር ይችላል፤ የተበላሸውን ትቶ ደህናውን በመንቀል። ስለሆነም አስቀድሞ ፋይሉ ወደ ሌላ፣ ከማከማቻው ውጪ ወደሆነ ዲስክ ይገልበጥ። ሬይድ በስሕተት የተሰረዘውን ከሁለቱም ላይ ይሰርዛልና መጠባበቂያ ነው ተብሎ አይታመንም። በመቆጣጠሪያው ገጽ ላይ የሚታየው የተበላሸው ዲስክ መለያ ቁጥርም ይመዝገብ። ከዚያ መሣሪያው ሶኬት በመንቀል ሳይሆን ከዚያው ገጽ ይዘጋ። እየሠራ ዲስክ የሚያስለውጥ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ዲስኩ በቅድሚያ ከሥራ ውጪ ይደረግ። በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚዞር ዕቃ ነው፤ እስኪቆም ጥቂት መታገሥ ያስፈልጋል። ሲወጣም በላዩ የተለጠፈው ቁጥር ከተመዘገበው ጋር ይመሳከር።

ተተኪው በመጠን ከቀድሞው ማነስ የለበትም። ግልባጩ እንደገና እስኪሞላ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይወስዳል፤ እስከዚያ ንብረቱ የቆመው በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ያለ ሰው ዩፒኤስ ሳያገናኝ ሥራውን ባይጀምረው ይሻላል።