የቤትና የቦታ ግምት ያለ አግባብ ሲበዛ

ግብር የአገር ዕዳ መሆኑን ነጋዴ አይክድም። መንገድ የሚጠረገው፥ ውኃ የሚገባው፥ የገበያ ሥፍራ የሚደለደለው ከግብር በሚገኘው ገንዘብ ነው። ነገር ግን ሕግ ያዘዘውን መክፈል አንድ ነገር ነው፤ በስሕተት የተገመተውን መክፈል ሌላ ነገር ነው። የፊተኛው ግዴታ ሲሆን፥ የኋለኛውን ማስተካከል የባለንብረቱ መብት ነው።

ነገሩ በወላይታ ሶዶ ለሚኖር ባለንብረት በተለይ ሊታሰብበት ይገባል። የሻሸመኔ፥ የሆሳዕናና የአርባ ምንጭ መንገዶች የሚገናኙባት ይህች ከተማ በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች። በኦቶና ሆስፒታል አጠገብ ለአስታማሚ አልጋ ለሚያከራይ፥ መድኃኒት ቤት ወይም ምግብ ቤት ለከፈተ ሰው ቤቱ መጠለያው ብቻ ሳይሆን መተዳደሪያውም ነው። በዚህ ቤት ላይ ግምቱ ያለ አግባብ ቢከብድ ሸክሙ በባለቤቱ ላይ ብቻ አይቀርም፤ በኪራይና በዋጋ ተሻግሮ በአስታማሚውና በሸማቹ ላይ ይወድቃል።

ግምቱ የመጣበት መንገድ

በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታ የመንግሥት ሆነ። በዓመቱ የወጣው አዋጅ ቁጥር 80/1968 የቦታ ኪራይንና የቤት ግብርን ለይቶ ደነገገ፤ የቤቱም ግብር በዓመታዊ የኪራይ ግምት እንዲታሰብ አደረገ። ሕዝቡ «የጣሪያና ግድግዳ» እያለ የሚጠራው ይህንኑ ነው። ግምቱም በብዙ ከተሞች ለረዥም ዘመን ሳይታደስ ኖረ። በጥር 2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ግን ስሌቱን ወደ ንብረቱ ዋጋ አቀረበው። እንግዲህ በአሮጌ መዝገብ ተኝቶ የኖረ ትንሽ ስሕተት በአዲስ ዋጋ ሲባዛ ትልቅ ዕዳ ይሆናል።

ስሕተቱ የሚታወቅበት

ስሕተት አብዛኛውን ጊዜ የሚደበቀው በልኩና በምድቡ ውስጥ ነው። ለምሳሌ ያህል፥ 96 ካሬ ሜትር የሆነ ቤት 120 ተብሎ ቢመዘገብ ግምቱ በአንድ አራተኛ ይበልጣል፤ ባለቤቱም ልኩ እስኪታረም ድረስ በየዓመቱ የሌለውን 24 ካሬ ሜትር ግብር ሲከፍል ይኖራል። ስለዚህ የግምቱ ማስታወቂያ እንደ ደረሰ ቤቱን በሜትር ለክቶ ከካርታውና ከፕላኑ ጋር ማስተያየት የመጀመሪያው ሥራ ነው።

ቀጥሎ የቤቱ አሠራር ይመረመራል፤ የጭቃው ቤት የብሎኬት ተብሎ ተጽፎ እንደ ሆነ፥ የፈረሰው ክፍል እንደ ቆመ ተቆጥሮ እንደ ሆነ ይታያል። ፊቱ ሱቅ ጓዳው መኖሪያ የሆነ ቤት በሙሉ የንግድ ቤት ተብሎ መመደቡም ይፈተሻል። በመጨረሻ የቦታው ደረጃ ይጠየቃል፤ በዋናው መንገድ ዳር ያለና በውስጥ ለውስጥ መንገድ ያለ ቦታ በአንድ ደረጃ ሊቆጠሩ አይገባም። በስፋትም በአሠራርም ከሚመሳሰል የጎረቤት ቤት ጋር ማነጻጸር ጠቃሚ ማስረጃ ይሰጣል።

አቤቱታው የሚቀርብበት ሥርዓት

አቤቱታ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፥ በስሜት ሳይሆን በቁጥር ሊሆን ይገባል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 ለዚህ ጥሩ መምሪያ ነው። አዋጁ የታክስ ውሳኔን የሚቃወም ሰው ውሳኔው በደረሰው በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታውን እንዲያቀርብ፥ የሚቃወምበትን ምክንያትና እንዲታረምለት የሚፈልገውን ለይቶ እንዲጽፍ፥ ያልተከራከረበትንም ታክስ አስቀድሞ እንዲከፍል ደነገገ። ውሳኔው ስሕተት መሆኑን የማስረዳቱንም ሸክም በግብር ከፋዩ ላይ ጣለ። ክልሎችና ከተሞች የየራሳቸው ሕግ ስላላቸው፥ የቀኑን ገደብ ከማዘጋጃ ቤቱ ወይም ከገቢዎች መሥሪያ ቤቱ ወዲያውኑ ጠይቆ መረዳት ያስፈልጋል።

ማስታወቂያው የደረሰበትን ቀን መመዝገብ፥ የካርታውን፥ የፕላኑንና የቀድሞ ደረሰኞችን ቅጂ ማያያዝ፥ ማመልከቻውም ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን በራስ ቅጂ ላይ ማስጻፍ ይገባል። ቁጥርና ቀን የሌለው ማመልከቻ ቢጠፋ እንዳልቀረበ ይቆጠራል።

ይህ ሁሉ የራስን ግምት ለማሳረም ነው፤ ታሪፉን ራሱን መቃወም ግን ሌላ መንገድ አለው። በ2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የጣሪያና ግድግዳ ግብሩን ባሻሻለ ጊዜ ነገሩ እስከ ፍርድ ቤት ደርሷል። እንዲህ ያለው ክርክር የብዙዎች የጋራ ጉዳይ ስለ ሆነ በማኅበርና በንግድ ምክር ቤት በኩል ቢቀርብ የተሻለ ነው። የራሱን ቤት ልክ ግን ከባለቤቱ በቀር ማንም አይለካለትም።

በዓመቱ መጨረሻ በየሱቁ የሚሰማው ምሬት መዝገብ አያርምም። ማስታወቂያውን ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ የከተተ ሰው ዝምታው እንደ ስምምነት ይቆጠርበታል፤ ሜትሩን ይዞ ቤቱን የለካ፥ በቀኑም ያመለከተ ሰው ግን የሚገባውን ብቻ ይከፍላል።