አንድሬ ዘ ጃይንት፤ ከግዙፍነቱ ጀርባ የተሸፈነው ሙያተኛ

በሬስሊንግ ዓለም «አንድሬ ዘ ጃይንት»፣ ማለትም ግዙፉ አንድሬ፣ ተብሎ የሚታወቀው አንድሬ ረኔ ሩሲሞፍ እ.ኤ.አ. በ1946 በፈረንሳይ፣ ኩሎምዬ በተባለች ከተማ ከቡልጋሪያዊ አባትና ከፖላንዳዊት እናት ተወለደ። ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ በሙያው ቢቆይም ስለ እርሱ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር በቁመቱና በክብደቱ ላይ ስለሚያተኩር፣ ከዘመኑ የመድረክ ባለሙያዎች አንዱ መሆኑ የሚገባውን ያህል አልተነገረለትም። በማስታወቂያ 2 ሜትር ከ24 ሳንቲ ሜትር ቁመትና 236 ኪሎ ግራም ክብደት ይነገርለት ነበር፤ እነዚህ አኃዞች ግን ትኬት ለመሸጥ የወጡ እንጂ በሐኪም ልኬት የተረጋገጡ ባለመሆናቸው፣ እንደ ማስረጃ የሚጠቅሷቸው ሰዎች ቢጠነቀቁ ይበጃል።

የግዙፍነቱ ምንጭ ሕመም ነው። ከአንጎል ሥር የምትገኘውና መጠኗ ከአተር ፍሬ ብዙም የማይበልጠው ፒቱታሪ የተባለችው ዕጢ የእድገት ሆርሞን ታመነጫለች፤ በላይዋ እባጭ፣ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር ያልሆነ፣ ሲበቅልባት ሆርሞኑ ከልክ በላይ ወደ ደም ይገባል። ይህ የሚደርሰው በረጃጅም አጥንቶች ጫፍ ያለው ልም አጥንት ወደ ጠንካራ አጥንትነት ሳይለወጥ፣ ማለትም በልጅነት ከሆነ፣ አጥንቶቹ መርዘማቸውን ስለማያቆሙ ሁኔታው ጃይጋንቲዝም ይባላል። ልም አጥንቱ ከጠነከረ በኋላ ከሆነ ግን ቁመት መጨመሩ ያበቃና እጅ፣ እግር፣ መንጋጋና ግንባር እየሰፉ፣ ልብም እየገዘፈ ይሄዳል፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ፒየር ማሪ እ.ኤ.አ. በ1886 ከግሪክኛ ቃላት «አክሮሜጋሊ» ብሎ የሰየመው፣ ትርጉሙም የአካል ዳርቻዎች መተለቅ የሆነው በሽታ ይህ ነው። የሁለቱም መንሥኤ አንድ ሲሆን የሚለያቸው ሆርሞኑ የበዛበት ዕድሜ ነው፤ ሕክምና ካልተደረገም፣ በአንድሬ ላይ እንደታየው፣ የመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ይሸጋገራል። ስለዚህ ግዙፍነቱን እንደ ተፈጥሮ ስጦታ፣ የኋላ ሕመሙን ደግሞ ከሌላ ቦታ እንደ መጣ መከራ ለያይቶ መተረክ ስሕተት ነው፤ ዝና ያስገኘለት ሆርሞን ራሱ መገጣጠሚያዎቹንና ልቡን ይጎዳ ነበር።

ሥራውን በፈረንሳይ ጀምሮ በጃፓን «ሞንስተር ሩሲሞፍ»፣ በካናዳዋ ሞንትሪያል ደግሞ «ዣን ፌሬ» በሚሉ ስሞች ከታገለ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የሬስሊንግ ትርኢት አዘጋጁ ቪንስ ማክማን አባትዬው ወደ ኒው ዮርክ አምጥቶ አንድሬ ዘ ጃይንት አለው። የዚህ ሰው ብልኅነት አንድሬን በአንድ ከተማ አለማቆየቱ ነበር፤ ተመልካች ግዙፍ ሰው ደጋግሞ ሲያይ ይለምደዋልና፣ ለየአካባቢው የሬስሊንግ ድርጅት ለጥቂት ቀናት እያዋሰ ዓመቱን ሙሉ በጉዞ ያሳልፈው ነበር።

ከሁሉ ይበልጥ የተዛባው ታሪክ ግን እ.ኤ.አ. መጋቢት 29 ቀን 1987 በሚሺጋን ግዛት፣ በፖንቲያክ ሲልቨርዶም ስታዲየም፣ አዘጋጆቹ 93,173 ነው ባሉት ሕዝብ ፊት ከታጋዩ ሃልክ ሆጋን ጋር ያደረገው ግጥሚያ ነው። ከዚያ በፊት ለ15 ዓመታት ተሸንፎና ከመሬት ተነሥቶ አያውቅም ተብሎ ተለፈፈ፤ ይህንንም ዛሬ ድረስ እንደ እውነት የሚደግሙት አሉ። ሆኖም ራሱ ሆጋን እ.ኤ.አ. በ1980 በኒው ዮርኩ ሼይ ስታዲየም አንሥቶ ጥሎት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1986ም ጃፓን ውስጥ አንቶኒዮ ኢኖኪ ክንዱን ጠምዝዞ እጅ እንዲሰጥ አድርጎታል።

ከዚህ የባሰው ስሕተት ደግሞ በዚያ የ1987 ግጥሚያ ሆጋን አንድሬን በጉልበቱ ብቻ አንሥቶ ጣለው ብሎ ማመን ነው። በፕሮፌሽናል ሬስሊንግ ውጤቱ አስቀድሞ የሚታወቅ በመሆኑ የሙያው ፈተና ሌላውን ማሸነፍ ሳይሆን፣ ሁለት ሰዎች ተደጋግፈው፣ አንዱ ሌላውን ሳይጎዳ፣ ፍልሚያውን ለተመልካች እውነት ማስመሰል ነው። ባላጋራን አንሥቶ በጀርባው መጣል፣ በሙያው ቋንቋ «ቦዲ ስላም»፣ የሚሳካው የሚነሣው ሰው በትክክለኛው ቅጽበት እግሩን ከመሬት አላቅቆ ወደ ላይ ሲገፋና ክብደቱን በሚያነሣው ሰው ትከሻ ላይ ሲያመቻች ብቻ ነው፤ ከ200 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሰው ሰውነቱን ቢያዝል ግን የሚያነሣው ሰው ወገቡ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ አንድሬ ሳይፈቅድ አንድሬን የሚያነሣ አልነበረም። በግጥሚያው ዕለት አከርካሪው ላይ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ገና ብዙ አልቆየም፤ ከልብሱ ሥር የጀርባ ድጋፍ ታጥቆ ነበር፤ ጀርባው በዚህ ሁኔታ እያለ በጀርባው ለመውደቅ መስማማቱ፣ መውደቁንም ለሆጋን ክብር እንዲሆን አድርጎ መፈጸሙ፣ ከሙያ ሕይወቱ ሁሉ ትልቁ ሥራ ሊባል ይገባዋል። በዚያው ዓመት በታየው «ዘ ፕሪንሰስ ብራይድ» ፊልም ቀረጻ ላይ፣ ኃያሉን ፌዚክን ሲተውን፣ ቀላል ክብደት ያላትን ተዋናይት ለመያዝ እንኳ በገመድ መታገዝ አስፈልጎት እንደነበር የሚያውቅ ሰው የዚያን ውድቀት ዋጋ ይረዳል።

በሚቀጥለው ዓመት ሆጋንን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮንነት ቀበቶውን ቢወስድም፣ በትርኢቱ ታሪክ መሠረት ወዲያው ለታጋዩ ቴድ ዲቢያሲ አስረከበው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት፣ ቆሞ መራመድ እየከበደው፣ በጃፓን ከጃይንት ባባ ጋር ተጣምሮ ይታገል ነበር፤ ባባ የዚሁ ዕጢ ሕመም የነበረበት ሲሆን ገና በወጣትነቱ፣ ቤዝቦል ተጫዋች ሳለ፣ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። አንድሬ እ.ኤ.አ. በጥር 1993 ለአባቱ ቀብር ወደ ፈረንሳይ ሄዶ ሳለ ፓሪስ ውስጥ ባረፈበት ሆቴል ልቡ ቆሞ ሞተ፤ አባትዬው ከጥቂት ቀናት በፊት ተቀብረው ነበር። አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ በአሜሪካ፣ በኖርዝ ካሮላይና፣ ኤለርቢ አጠገብ በሚገኘው እርሻው ላይ ተበተነ።