ማራቶን በታመመ ተረከዝ

ማራቶንን ከአራት ሰዓት በታች ለመጨረስ አቅጄ በአራት ሰዓት ከ38 ደቂቃ ጨረስኩ። ያጎደለኝ የልምምድ ማነስ አልነበረም፤ ከውድድሩ አምስት ሳምንት በፊት ጀምሮኝ ችላ ያልኩት የተረከዝ ሕመም ነው። አትላስ አካባቢ ማለዳ ስወጣ፣ ሥራ ከመግባታቸው በፊት እንደ እኔው እያነከሱ የሚሮጡ ሰዎች ስለማይ የደረሰብኝን ላካፍል ወደድኩ።

ልምምዴ ከአትላስ ወደ ቦሌ መድኃኔዓለም፣ አንዳንዴም ወደ ሃያ ሁለት በሚወስደው አስፋልት ላይ ነበር። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች የምራመደው እያነከስኩ ነው። ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጥኩ በኋላ ግን ሕመሙ ይጠፋል። «ሲሞቅ ይለቀኛል፣ ስለዚህ ከባድ አይደለም» ብዬ ደመደምኩ። ስህተቴ እዚህ ላይ ነበር።

ባትን ከተረከዝ አጥንት ጋር የሚያያይዘው፣ ስፖርተኞች አቺለስ የሚሉት ጅማት ከሰውነታችን ጅማቶች ሁሉ ወፍራሙና ጠንካራው ነው። በሩጫ ወቅት በእያንዳንዱ እርምጃ ከሰውነት ክብደት ስድስት እጥፍና ከዚያም በላይ ጫና ይሸከማል። የሚደርሰው የደም መጠን ግን ከጡንቻ ያነሰ በመሆኑ ሲጎዳ ቶሎ አይጠገንም። ልምምድ በድንገት ሲጨምር ልብና ጡንቻ ፈጥነው ይለምዱታል፤ ጅማቱ ወደኋላ ይቀራል። ሰውነት ሲሞቅ ሕመሙ የሚጠፋው ጅማቱ ስለዳነ ሳይሆን ስሜቱ ለጊዜው ስለሚደበዝዝ ነው።

በውድድሩ ቀን ግማሹን መንገድ በአንድ ሰዓት ከ58 ደቂቃ አለፍኩ። ዕቅዴን ለመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ሁሉ አውጄ ስለነበር ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። 27ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሕመሙ ተመለሰ። ቀኝ እግሬን ላሳርፍ ስል ሳይታወቀኝ ክብደቴን በግራዬ ላይ ጣልኩ፤ ብዙም ሳይቆይ የግራ ጉልበቴም ታመመ። የቀረውን መንገድ ጥቂት እየሮጥኩ፣ ብዙ እየተራመድኩ ጨረስኩት። ከዚያ በኋላ ለአራት ወራት አልሮጥኩም። የከፈልኩት ዋጋ 38ቱ ደቂቃ ሳይሆን እነዚህ አራት ወራት ናቸው።

ጉዳት ጀግናንም አይምርም። አበበ ቢቂላ በሮምና በቶኪዮ ካሸነፈ በኋላ፣ በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ለሦስተኛ ወርቅ ሲሮጥ በእግሩ ጉዳት ምክንያት 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋረጠ። ወርቁን ያመጣው ማሞ ወልዴ ነበር። ኃይሌ ገብረሥላሴም በ1996 ዓ.ም. በአቴንስ 10 ሺህ ሜትርን በተጎዳ የተረከዝ ጅማት ሮጦ አምስተኛ ወጣ። ታሪኩ ግን እዚያ አላበቃም፤ በመስከረም 2001 ዓ.ም. በበርሊን ማራቶንን በ2:03:59 በመጨረስ ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ማቋረጥም ሆነ ካሰቡት በታች መጨረስ ውርደት እንዳልሆነ የተረዳሁት እነዚህን ሁለቱን ሳስብ ነው።

በኋላ ያየኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ነበር፦ «ሲሮጡ የተሰማዎትን ይተዉትና፣ በማግስቱ ጠዋት ሲነሱ እንዴት ነበሩ?» መለኪያው ይህ ነው። የጠዋቱ ሕመም ከትናንቱ ከባሰ ጫናው በዝቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ርቀትን፣ ፍጥነትንና ዳገትን መቀነስ ይገባል። ማስታገሻ ውጦ መሮጥ ግን ማስጠንቀቂያውን ማፈን ነው፤ አንዳንዶቹ መድኃኒቶችም በረጅም ሩጫ ላይ ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ።

ሙሉ ዕረፍት ብቻውንም ጅማትን አያጠነክርም። ስዊድናዊው ሐኪም ሃካን አልፍሬድሰን እ.ኤ.አ. በ1998 ያስተዋወቀው ዘዴ፣ በደረጃ ጠርዝ ላይ ቆሞ ተረከዝን በዝግታ ወደታች ማውረድ ነው። ይህም በቀን ሁለት ጊዜ ለ12 ሳምንታት ይሠራል። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ከመጀመር በፊትም ባለሙያ ቢያይዎት ይመረጣል።

አሁን እንደገና እሮጣለሁ። የአራት ሰዓቱን ዕቅድም አልተውኩትም። ነገር ግን ጫማዬን ከማሰሬ በፊት ከአልጋ እስከ በር ድረስ ያለውን እርምጃዬን አዳምጣለሁ። ካነከስኩ የዚያን ቀን አልወጣም።