መኪናው ሌሊት የት ያድራል?

የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት ያሰበ ሰው፣ በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግም ይኑር በቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው «አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ስንት ማይል ይሄዳል?» ብሎ ነው። ዛሬ ገበያ ላይ ካሉት አዳዲስ መኪኖች አብዛኞቹ ከ200 ማይል በላይ ይሄዳሉ። ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ 30 ማይል ገደማ ነው፤ እንግዳ ተቀብለው ቢመለሱ እንኳ ባትሪው ብዙ ይተርፈዋል። ስለዚህ ለአብዛኛው ሰው የዕለት ተዕለት ችግሩ ርቀት አይደለም። እኔ የማስቀድመው ጥያቄ «መኪናው ሌሊት የት ያድራል?» የሚለውን ነው።

የጋዝ መኪና ሲያልቅበት ማደያ ሄዶ ይሞላል። የኤሌክትሪክ መኪና ግን የሚመቸው ቆሞ ባለበት ሰዓት ቢሞላ ነው፤ መኪና ከሁሉም አብልጦ የሚቆመው ደግሞ ባለቤቱ ሲተኛ ነው።

ቀላሉ መንገድ ተራው ባለ 120 ቮልት ሶኬት ነው። እዚህ አገር እንዲህ ያለ ሶኬት ላይ ሰክተን እንጀራ የምንጋግርበት ምጣድ የሚስበውን ያህል ኃይል፣ 1.4 ኪሎዋት ገደማ፣ መኪናውም ይስባል። ለ10 ሰዓት ተሰክቶ ካደረ ከ30 እስከ 40 ማይል የሚያስኬድ ያገኛል። ሥራ ደርሶ ለሚመለስና ልጆች ከትምህርት ቤት ለሚያመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። ሁለት ነገር ግን ልብ ይሏል። ምጣዱና መኪናው በአንድ ብሬከር ላይ ከዋሉ ብሬከሩ ይወርዳል። በቀጭን ኤክስቴንሽን መሰካትም ለእሳት ይዳርጋል፤ ገመዱ ሌሊቱን ሙሉ ይግላልና።

ሰዎች ሌቭል ቱ የሚሉት ቻርጀር የሚሠራው የልብስ ማድረቂያ ማሽን በሚሠራበት በ240 ቮልት ነው። በሰዓት 25 ማይልና ከዚያም በላይ ስለሚሞላ ባዶ ሊሆን የደረሰ መኪና እስኪነጋ ይሞላል። የሚተክለው ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሻን መሆን አለበት። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የቆዩ ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ፓኔላቸው 100 አምፔር ብቻ ከሆነ ማሳደግ ሊያስፈልግ ይችላል። መኪናው ከመገዛቱ በፊት ኤሌክትሪሻን ጠርቶ ፓኔሉን ማሳየት ኋላ ከሚመጣ ያልታሰበ ወጪ ያድናል።

ድራይቭዌይ ያለው ሰው እዚህ ላይ ጉዳዩን ጨረሰ ማለት ይቻላል። ከወገኖቻችን ብዙዎቹ ግን የሚኖሩት በአፓርታማና በኮንዶ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝም የእነሱ ነገር ነው። ሕጉ የኮንዶ ባለቤትን ይረዳዋል። በሜሪላንድ ከኦክቶበር 2021 ጀምሮ፣ በቨርጂኒያም ከ2020 በወጣ ሕግ፣ የኮንዶ ማኅበር አንድ ባለቤት በራሱ የመኪና ማቆሚያ ቦታ ላይ ቻርጀር እንዳይተክል ያለ በቂ ምክንያት ሊከለክለው አይችልም። ወጪውን ግን ባለቤቱ ራሱ ይችላል። ለተከራይ ነገሩ ይከብዳል። የሕንፃውን አስተዳደር በጽሑፍ መጠየቅ ይኖርበታል፤ ጥቂት ተከራዮች ተባብረው ቢጠይቁ ደግሞ ይበልጥ ይሰማሉ። ጋራዡ ውስጥ ስንት ቻርጀር አለ? ስንት መኪና ይጋራዋል? ዋጋው ስንት ነው? የኪራይ ውል ከመፈረም በፊት መልሳቸው መታወቅ አለበት።

ቤቱ የማይሰካ ሰው በአደባባይ ፈጣን ቻርጀር ላይ ይወድቃል። ከሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ፣ ታኮማ ፓርክ ካሮል አቬኑ ላይ አንድ የታወቀ ማደያ አለ። ባለቤቱ ዴፔስዋር ዶሊ በ2019 የጋዝ መቅጃዎቹን ነቅለው በቦታው ፈጣን ቻርጀሮች ተከሉ። በአሜሪካ ሙሉ በሙሉ ከጋዝ ወደ ኤሌክትሪክ የዞረ የመጀመሪያው ማደያ ተብሎ ተነገረለት። ፈጣን ቻርጀር ባትሪውን ከ10 እስከ 80 በመቶ ለመሙላት እንደ መኪናው ዓይነት ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ገደማ ይወስድበታል። ከ80 በኋላ ግን ይንቀረፈፋል፤ እየሞላ የሄደ ባትሪ በኃይል ቢጫንበት ስለሚጎዳ መኪናው ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሰዋል። ስለዚህ ከኋላ ወረፋ ሲኖር 80 ላይ ነቅሎ መሄድ ለራስም ለወረፈኛውም ይበጃል።

ዋናው ልዩነት የሚታየው በሒሳቡ ነው። በዓመት 12,000 ማይል የሚነዳ ሰው፣ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት 3 ማይል ቢሄድ፣ 4,000 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ቤቱ በ18 ሳንቲም ሂሳብ ቢሰካ 720 ዶላር ይከፍላል። ሁልጊዜ በፈጣን ቻርጀር በ55 ሳንቲም ቢሞላ 2,200 ዶላር ይሆንበታል። በጋሎን 30 ማይል የሚሄድ የጋዝ መኪና፣ ጋሎኑ 3.25 ዶላር ቢሆን፣ 1,300 ዶላር ይፈጃል። ዋጋው ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ የራሳችሁን የመብራት ቢል አውጥታችሁ በራሳችሁ ቁጥር አስሉት። ቤቱ የሚሰካ ሰው ያተርፋል፤ አደባባይ ብቻ የሚሞላ ግን ከጋዝ በላይ ሊከፍል ይችላል። ኡበርና ታክሲ የሚነዱ ወንድሞችና እህቶች በቀን ብዙ ማይል ስለሚሄዱ ትርፉም ኪሳራውም በእነሱ ላይ ይጎላል።

የመንግሥት ነገርም መታሰብ አለበት። ለአዲስ መኪና እስከ 7,500 ዶላር ይደርስ የነበረው የፌዴራል የታክስ ቅናሽ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 አብቅቷል። ሜሪላንድም ከጁላይ 2025 ጀምሮ የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤቶችን በዓመት 125 ዶላር ተጨማሪ የምዝገባ ክፍያ ታስከፍላለች። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ደግሞ የመኪና ግብር የሚተመነው በመኪናው ዋጋ ስለሆነ፣ ውድ መኪና በየዓመቱ ብዙ ያስከፍላል።

ጥገናው ይቀላል። የሞተር ዘይት መቀየር የለም። እግር ከፔዳሉ ሲነሳ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ መኪናውን ያቀዘቅዛል፣ ኃይሉንም ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ በዚህ ምክንያት የፍሬን ሸራ ረጅም ጊዜ ያገለግላል። ጎማ ግን ቶሎ ሊያልቅ ይችላል፤ መኪናው ከባድ ነው፣ ሲነሳም ጉልበቱ ብዙ ነው።

አገር ቤት ያሉ ዘመዶቻችን በዚህ ነገር ብዙ ሊያጫውቱን ይችላሉ። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች፤ ከዚያ ወዲህ በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ነው። ብርዱ ግን የእኛ ፈተና ነው። የአሜሪካ የመኪና ማኅበር ትሪፕል ኤ በ2019 ባወጣው ጥናት፣ በ20 ዲግሪ ፋራናይት ማሞቂያ ተከፍቶ ሲነዳ ርቀቱ በአማካይ 41 በመቶ ቀንሷል። የጋዝ መኪና ከሞተሩ የሚተርፈውን ሙቀት ለተሳፋሪው ይሰጣል፤ ኤሌክትሪኩ ግን ለሙቀቱ ባትሪውን ይጠቀማል።

በጃንዋሪ 2022 በረዶ አይ-95ን ቨርጂኒያ ውስጥ ሲዘጋው ሴናተር ቲም ኬይን 27 ሰዓት መንገድ ላይ ቆይተዋል። ያን ጊዜ ብዙ ሰው «በኤሌክትሪክ መኪና ቢሆን ኖሮስ?» ብሎ ጠየቀ። 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ግማሹ ቢቀር 30 ይሆናል። ቆሞ የመኪናውን ውስጥ ማሞቅ በሰዓት 2 ኪሎዋት ሰዓት ቢወስድ 15 ሰዓት ያቆያል፤ ሙሉ ሆኖ የተነሳ 30 ሰዓት። ስለዚህ ብርድ ሲተነበይ ማታውኑ ሰክቶ ማሳደር፣ ጠዋትም ገመዱ ሳይነቀል ከስልኩ ላይ ማሞቂያውን አስቀድሞ መክፈት ነው። ለማሞቂያው የሚሄደው ኃይል ከግድግዳው ይመጣል፣ ባትሪውም ለመንገዱ ሳይነካ ይቆያል።