«ዩቲዩብ ላይ አለ» ይሉኛል

የአባቱን የፊልም ጥቅል እንድናድስለት ይዞልን የመጣ ሰው ነበር። የቆየ የማላይ ኮሜዲ ነው። ቆርቆሮው ሲከፈት የአቼቶ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ፊልሙ መበስበስ ጀምሯል፤ የሚወጣው አሲድ ደግሞ መበስበሱን ያፋጥነዋል። ሥራው ምን ያህል እንደሚፈጅ ስነግረው «ለምን ትደክማላችሁ? ዩቲዩብ ላይ አለ እኮ» ብሎ ቆርቆሮውን ከድኖ ይዞት ሄደ።

ይህን መልስ መስማት ሰልችቶኛል። ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ የቴሌቪዥን ቅጂ ነው፤ እሱም ከሲኒማ ቤት ሲኒማ ቤት ሲዞር ካረጀ ኮፒ የተወሰደ ነው። የጥቅል መነሻና መድረሻ ቶሎ ይጎዳል። በተበጠሰ ቁጥር የሲኒማ ቤቱ ኦፕሬተር የተጎዳውን ቆርጦ ይቀጥለዋል። በሰከንድ 24 ፍሬም ያልፋል፤ 12ቱ ከተቆረጠ ግማሽ ሰከንድ ጠፋ ማለት ነው። በሌላ ፊልም ይህ ላይታወቅ ይችላል። በኮሜዲ ግን ሳቁን የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ያ ግማሽ ሰከንድ ነው፤ አንዱ ተናግሮ ሌላው እስኪገባው ያለው ዝምታ።

እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣውን «ሰኒማን ቡጃንግ ላፖክ»ን ያየ ይረዳኛል። በፊልሙ ውስጥ ፒ. ራምሊ፣ ኤስ. ሻምሱዲንና አዚዝ ሳታር ተዋናይ ለመሆን ስቱዲዮ ይሄዳሉ። አንዱ ሲናገር የሁለቱን ፊት ማየት ነው። ፊልሙ የሚቀልደው በተሠራበት ቦታ ነው፤ ያም የሾው ወንድማማቾች የማላይ ፊልም ይሠሩበት የነበረው የሲንጋፖሩ የጃላን አምፓስ ስቱዲዮ ነው፤ በ1967 ተዘግቷል።

የራምሊ ሥራዎች በቴሌቪዥን ስለሚደጋገሙ የድሮው የማላይ ፊልም ሁሉ የተረፈ ይመስላል። የጠፋውን የሸፈነብን ይህ ነው። ሕዝብ መውደዱም ፊልምን አያድንም። ኮሜዲ ባይሆንም፣ በ1957 የካታይ ክሪስ ስቱዲዮ ያወጣው «ፖንቲያናክ» ተመልካች ያጥለቀለቀው ነበር፤ ዛሬ የሚታወቅ ኮፒ የለውም። የዚያው ስቱዲዮ 91 ፊልሞች ግን በእስያ የፊልም ማኅደር ተጠብቀው በ2014 በዩኔስኮ የእስያና ፓስፊክ የሰነድ ቅርስ መዝገብ ሰፍረዋል። እነዚህ የተረፉት ጥቅሉን ራሱን የሚያስቀምጥ ሰው ስለተገኘ ነው።

«ያው ፊልም ከሆነ ሁለተኛው ኮፒ ምን ያደርጋል?» ለሚሉኝም መልስ አለኝ። ሁለት ኮፒ ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ አይበጠስም። ከዚኛው የተቆረጠው ከዚያኛው ይገኛል፤ ጎን ለጎን አስቀምጠን ፍሬም በፍሬም እናሟላለን። ሰውየው ይዞት በሄደው ጥቅል ውስጥ ዩቲዩቡ ላይ የጎደለው ትዕይንት ሊኖር ይችል ነበር። አቼቶ አቼቶ ቢሸትም፣ ቢጨማደድም፣ አምጡት።