ቢንጎና ዕቁብ፤ ሁለቱ ዕጣዎች

(በራዲዮ ከተነገረው ንግግር የተወሰደ)



ከላስታ ተራሮች የሚነሣው የተከዜ ወንዝ ሱዳን ገብቶ ከአትባራ ጋር ይገናኛል፤ ከዚያም ዓባይን ተቀላቅሎ እስከ ሜዲቴራኒያን ባሕር ይወርዳል። በዚያ ባሕር ላይ አያሌ ሺህ መንገደኞችን የጫኑ ታላላቅ የመዝናኛ መርከቦች ይመላለሳሉ። መንገደኞቹም ወደብ እስኪደርሱ ድረስ ጊዜያቸውን ከሚያሳልፉባቸው ጨዋታዎች አንዱ ቢንጎ ይባላል። መርከቡ ከላስታ እጅግ የራቀ ነው፤ በጨዋታው ውስጥ ያለው ፈተና ግን ከማናችንም ኪስ የራቀ አይደለም። ስለዚህ ዛሬ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው፤ ለቢንጎ የሚከፈለው ገንዘብ የሚያስቆጭ ነው ወይስ የሚያስደስት?

አስቀድመን የጨዋታውን ሥርዓት እንመልከት። በኢጣልያ አገር ቶምቦላ የሚባለው ጨዋታ ከ1 እስከ 90 ባሉት ቁጥሮች ይከናወናል፤ በእያንዳንዱ ካርድ ላይም 15 ቁጥሮች ተጽፈዋል። በአሜሪካ የተለመደው ቢንጎ ደግሞ በ75 ቁጥሮች ሲሆን በካርዱ ላይ የሚገኙት ቁጥሮች 24 ናቸው። ጠሪው ቁጥሮቹን አንድ በአንድ እያወጣ ይጠራል፤ ተጫዋቹም በካርዱ ላይ ያገኘውን ምልክት ያደርግበታል። የተወሰነውን መስመር ወይም መላውን ካርድ ቀድሞ የሞላው ሰው ጮኾ ሽልማቱን ይቀበላል። በአገራችን ቶምቦላ የሚለው የኢጣልያ ስም ቲኬት ተሽጦ ዕጣ ለሚወጣበት ሎተሪ ተሰጥቶ ቀርቷል። የብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደርም በ1954 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ዕጣ በከተሞቻችን የተለመደ ነገር ሆኗል።

እንግዲህ ወደ ሒሳቡ እንግባ። አንድ መቶ ሰዎች ለእያንዳንዱ ካርድ 50 ብር ከፍለው ይጫወታሉ እንበል። የተሰበሰበው ገንዘብ 5,000 ብር ነው። አዘጋጁ 3,000 ብሩን ለአሸናፊው ሰጥቶ 2,000 ብሩን ለራሱ ያስቀራል። ይህ ሲከፋፈል እያንዳንዱ ካርድ 30 ብር ያወጣል ማለት ነው፤ የተከፈለው ግን 50 ብር ነው። ስለዚህ የጨዋታው እውነተኛ ዋጋ በካርድ 20 ብር ነው።

«ብዙ ካርድ ብገዛ አላሸንፍምን?» የሚል ሰው ይኖራል። ሁለት ካርድ የገዛ ሰው የማሸነፍ ዕድሉ እጥፍ ይሆናል፤ ነገር ግን ወጪውም እጥፍ ነው። አንድ ሰው መቶውንም ካርድ ቢገዛ ማሸነፉ የተረጋገጠ ነው፤ ይኸውም 5,000 ብር ከፍሎ 3,000 ብር ይቀበላል። በዚህ ጨዋታ ውስጥ ያለ ጥርጥር የሚያሸንፍ ሰው ያለ ጥርጥር የሚከስር ሰው መሆኑን ልብ ይሏል።

በመርከቦች ላይ ሕዝብ ለመሰብሰብ የሚነገር ሌላም ታላቅ ሽልማት አለ። ይህንንም የሚያገኘው ከ75ቱ ቁጥሮች 50 ብቻ ተጠርተው ሳለ 24ቱንም ቁጥሮች የሞላ ሰው ነው። ሃምሳ ቁጥር ብዙ ስለሚመስል ነገሩ ቀላል ሆኖ ይታያል። ሲሰላ ግን አንድ ካርድ ይህን የሚያገኘው ከ200,000 ጊዜ በላይ ተጫውቶ አንድ ጊዜ ያህል ብቻ ነው። አምስት መቶ ካርድ በተሸጠበት አዳራሽ እንኳ ከተሰበሰቡት ሰዎች አንዱ ያሸንፍ ዘንድ ጨዋታው ከአራት መቶ ጊዜ በላይ መደጋገም ይኖርበታል።

ሰውን አብዝቶ የሚያታልለው ደግሞ «አንድ ቁጥር ቀርቶኝ ነበር» የሚለው ስሜት ነው። አንዱ ሲያሸንፍ አንድ ቁጥር ብቻ የቀራቸው ሌሎች ብዙዎች በአዳራሹ ይኖራሉ። ሁሉም ለማሸነፍ የተቃረቡ ይመስላቸዋል፤ ሁሉም ሌላ ካርድ ይገዛሉ። የሚወጡት ቁጥሮች ግን ያለፈውን አያስታውሱም፤ ትናንት የተሸነፈውን ሰው ዛሬ ሊክሱት አይወጡም።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ዕጣ እንመለስ። ዕቁብም ዕጣ አለው። አሥራ ሁለት የመንግሥት ሠራተኞች በየወሩ አንድ አንድ ሺህ ብር ቢያዋጡ፣ በየወሩ አንዱ 12,000 ብር ይወስዳል። ዓመቱ ሲፈጸም እያንዳንዱ ያዋጣው 12,000 ብር ነው፤ የተቀበለውም 12,000 ብር ነው። ዕጣው የሚወስነው ማን እንደሚከስር ሳይሆን ማን እንደሚቀድም ብቻ ነው። ዕቁብ ወለድ አይሰጥም፤ ቀድሞ የወሰደ ሰው ክፍያውን ቢያቋርጥ ጉዳት ስላለው ዳኛ፣ ጸሐፊና ዋስ ያስፈልጉታል። ይሁን እንጂ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደተባለው፣ የአንዱን ሸክም ለብዙዎች ጌጥ የሚያደርግ የአባቶቻችን ጥበብ ነው።

ይህንን ሁሉ የምንናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ላሊበላ ኑሮዋ በእንግዳ ላይ የተመሠረተ ከተማ ናት። አሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ከገቡ ወዲህ አስጎብኚው፣ የሆቴል አሳላፊውና በቅሎ አከራዩ ከጎብኚው በሚያገኙት ገንዘብ ቤታቸውን ሲያስተዳድሩ ኖረዋል። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ መንገዱን ዘጋው፤ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻም ጦርነቱ ከተማዪቱ ድረስ ደረሰ፤ ከዚያም በኋላ ግጭት ተከተለ። እንግዳ ሲጠፋ ገቢ ጠፋ፤ የወር ደመወዝ ያለው የመንግሥት ሠራተኛም ሥራ ያጡትን ወንድሞቹንና እኅቶቹን ደግፎ እንዲይዝ ግድ ሆነበት።

የሥራ በር ሲጠብብ የዕድል በር የሰፋ መስሎ ይታያል። በደኅና ዘመን ለጨዋታ ካርድ የሚገዛው ሰው፣ በክፉ ዘመን ለኑሮው ሲል መግዛት ይጀምራል። አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ከደመወዙ 50 ብር አውጥቶ ከባልንጀሮቹ ጋር አንድ ማታ የሳቀ ሰው የሳቁን ዋጋ ከፍሏልና አልተጎዳም። የቅዳሜ ገበያ የጤፍ ገንዘብ ይዞ ዕጥፍ አደርጋለሁ ብሎ የሄደ ሰው ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው ሴት ይሆናል፤ የጣለውም የራሱን ብቻ ሳይሆን የልጆቹን እራት ነው።

ስለዚህ ክቡራን አንባቢያን፣ ካርድም ሆነ ቲኬት ከመግዛትዎ በፊት ሦስት ነገሮችን ይጠይቁ ዘንድ እንመክራለን።

አንደኛ፤ ከሽልማቱ የሚተርፈው ገንዘብ ወዴት ይሄዳል? በሕግ በተፈቀደ ቶምቦላ ለትምህርት ቤት ወይም ለጤና ጣቢያ የሚውል ከሆነ ዕጣው ባይወጣልዎ እንኳ እርዳታ ሰጥተዋል። የግለሰብ ትርፍ ከሆነ ግን የሌላውን ሰው ቤት ሠርተዋል።

ሁለተኛ፤ ከተሰበሰበው መቶ ብር ስንቱ ለተጫዋቾች ይመለሳል? ይህን ለመናገር ፈቃደኛ ካልሆነ አዘጋጅ ካርድ አይግዙ።

ሦስተኛ፤ ይህ ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ ነገ በቤቴ የሚጎድል ነገር አለን? መልሱ «አዎን» ከሆነ ጨዋታው ለእርስዎ ጨዋታ አይደለም።

ጨዋታን በጠቅላላው የምንነቅፍ አይደለንም። ከሥራ በኋላ መዝናናት ለአእምሮ ዕረፍት ነው፤ ገበጣም ቢሆን ጠጠርና ጥቂት ጉድጓድ ብቻ ፈልጎ፣ ያለ አንዳች ወጪ ሒሳብን እያስተማረ ያጫውታል። በመርከብ የሚሄደውም ሀብታም መንገደኛ ቢንጎን እንደ አንድ ትርዒት ቈጥሮ የመግቢያውን ዋጋ ቢከፍል ማንም አይወቅሰውም። ስሕተቱ የመዝናኛን ዋጋ የኑሮ መተዳደሪያ አድርጎ መቍጠር ነው።

እንግዲህ በሚመጣው የደመወዝ ቀን ሁለት ዕጣዎች በፊትዎ ይቀርባሉ። አንደኛው ብዙዎችን አክስሮ አንዱን ያስደስታል፤ ሁለተኛው ሁሉንም በየተራው ያስደስታል። የመጀመሪያውን የሚጫወቱ ቢሆን እንኳ፣ አስቀድመው የሁለተኛውን መዋጮ ይክፈሉ።